ፎቶ ማንሳት ወይስ ብሎግ መጻፍ? ደክሟችሁ ለምትገቡበት ማታ የሚሆነውን መምረጥ

የመጀመሪያ ካሜራዬን የገዛሁት በትልቅ ወኔ ነው። ቦርሳው፣ ትርፍ ባትሪው፣ ትራይፖዱ፣ የሌንስ መጥረጊያ ጨርቁ ሳይቀር አብሮ ተገዛ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአንገቴ አልወረደም። ከዚያ መሳቢያ ገባ። ከወራት በኋላ አውጥቼ ሳየው ባትሪው ሞቷል። ቻርጅ አድርጌ ካርዱን ከፈትኩት። ከሺህ በላይ ፎቶ አለ፤ ግማሽ ያህሉ የአንድ ዛፍ ፎቶ ነው። ዛፉ ደግሞ ምንም የተለየ ነገር የለውም።

በዚያው ሰሞን በስልኬ ያነሳሁትን ሳገላብጥ ግን አንድ ፎቶ ላይ ቆምኩ። በር ሥር የተወለቁ አራት ጥንድ ጫማዎች። አንደኛው ትንሽዬ ነው፤ ግራና ቀኙ ተቀያይሯል። በአንድ እጄ ቁልፍ እየፈለግኩ በሌላው ያነሳሁት ነው። ትንሽ ፈዟል። ዛሬም ካነሳኋቸው ሁሉ የምወደው እሱን ነው።

ከዚያ ወዲህ ሰው "ፎቶ ልጀምር ወይስ ብሎግ?" ብሎ ሲጠይቀኝ ስለ ሜጋፒክስል አላወራም። መልሼ የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ ማክሰኞ ማታ፣ ደክሟችሁ ስትገቡ፣ የቱን ታደርጋላችሁ? በእረፍት ቀን፣ ሙዱ ሲኖር፣ ሁሉም ነገር ደስ ይላል። ማክሰኞ ላይ ነው የሚለየው። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ የመዘንኩት በዚሁ ሚዛን ነው።

ሰከንድ ወይስ ሰዓት

ፎቶ የሚጠይቃችሁ ሰከንድ ነው። ሰከንዷን የምትመርጧት ግን እናንተ አይደላችሁም። ብርሃኑ መስኮቱን የሚመታው በራሱ ሰዓት ነው፤ ድመቷም የምታዛጋው ሲያሰኛት ነው። ብሎግ ደግሞ ቁጭ የሚባልበት ሰዓት ይፈልጋል። ሰዓቱን ግን እናንተ ትወስናላችሁ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓትም ይሁን፣ የሚቀየምባችሁ የለም።

ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ብዙ ነገር ይወስናል እንጂ። ፎቶ በሌላ ሥራ መሀል ይገባል። አውቶቡስ ስትጠብቁ፣ ሕፃን አዝላችሁ ስታባብሉ፣ ደረጃ ስትወጡ ታነሳላችሁ። ጽሑፍ ግን አብሮት ሌላ ሥራ አያስገባም። ስለዚህ ቀኑ የተበጣጠሰበት ሰው፣ ለምሳሌ ትንንሽ ልጆች ያሉት፣ ከፎቶ ቢጀምር ይሻለዋል። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ሳያይ ውሎ ማታ ግን አንድ ጸጥ ያለ ሰዓት የሚያገኝ ሰው ብሎግ ይሆነዋል።

ሰውነታችሁንም ጠይቁት። ኮምፒውተር ላይ ተደፍቶ የሚውል ሰው ማታ ደግሞ ብሎግ ብሎ ሲቀመጥ ወገቡ ይታዘበዋል። ለእንዲህ ያለው ሰው ካሜራ ጥሩ ሰበብ ነው፤ ከቤት ያስወጣል፣ ያስኬዳል። ቆሞ የሚውል ሰው ደግሞ ቁጭ ብሎ መጻፍ ራሱ እረፍት ይሆንለታል።

ውጤቱም የሚመጣው በተለያየ ፍጥነት ነው። ፎቶ ላይ ዕድል አለ። በጀመራችሁበት ቀን አንድ ግሩም ፎቶ ልታነሱ ትችላላችሁ። ዓመት የሚፈጀው ሁለተኛውን ማግኘት ነው። ጽሑፍ ላይ እንዲህ ያለ ሎተሪ የለም። የመጀመሪያዎቹ አሥር ጽሑፎች ቀሽም ናቸው፤ የእኔም፣ የእናንተም። ቶሎ የሚያስደስት ነገር ከፈለጋችሁ ፎቶ ያሸንፋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ዞር ብላችሁ ስታዩ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ፎቶው ያኔ ምን ታዩ እንደነበር ያሳያችኋል። ምን ታስቡ እንደነበር የሚነግራችሁ ጽሑፉ ነው። ማን እንደሆኑ የማላስታውሳቸው ሦስት ሰዎች ትከሻ ላይ እጄን ጥዬ፣ ከልቤ እየሳቅኩ የተነሳሁት ፎቶ አለኝ። አንድ መስመር ጽፌበት ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ስማቸውን አውቅ ነበር።

ሁለቱም ከጀርባቸው የተደበቀ ሥራ አላቸው። የፎቶ ድብቅ ሥራ መምረጥ ነው። 200 ፎቶ አንስታችሁ ከመጣችሁ 195ቱን መጣል አለባችሁ። አማተር የሚሰንፈው እዚህ ላይ ነው። ማንሳቱን እንወደዋለን፤ መጣሉን ግን ነገ ነገ እንላለን፤ በመጨረሻ ስልኩ "ቦታ የለኝም" ይላል። የብሎግ ድብቅ ሥራ ደግሞ መጀመር ነው። ባዶው ገጽ።

ባዶው ገጽ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ብዙ ሰው የሚያቋርጠው እዚያ ስለሆነ። እንዲህ ብዬ የጀመርኩት ረቂቅ ነበረኝ፦ "ዛሬ በጣም ደስ የሚል ቀን ነበር። ወጣ ብዬ ተናፈስኩ።" ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም። ሊመጣም አይችልም። ደስ የሚል ቀን የሁሉም ሰው ነው፤ ውስጡ የሚያዝ ነገር የለም። በሦስተኛው ቀን ሰረዝኩትና እንዲህ አልኩ፦ "ዝናቡ ካባራ በኋላ አንድ ሽማግሌ ጃንጥላቸውን ሳያጥፉ ሁለት መንገድ ተሻገሩ። ልንገራቸው አልንገራቸው እያልኩ ተከተልኳቸው።" የቀረው በሃያ ደቂቃ አለቀ። ሽማግሌው ምን እንደሆኑ አንባቢ ማወቅ ይፈልጋል። እኔም ከተቀመጥኩበት መነሳት አልቻልኩም።

ልብ ካላችሁ ሁለተኛው ረቂቅ ፎቶ ነው። በቃል የተነሳ ፎቶ። ለዚህ ነው ሁለቱን የትርፍ ጊዜ ሥራዎች እንደ ባላንጣ የማላያቸው። ቢሆንም በአንድ ጊዜ ሁለቱንም መጀመር አልመክርም። ሁለት አዲስ ነገር በአንድ ወር የጀመረ ሰው ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ነው የሚተወው።

ስለ ወጪ ብዙ የሚባል የለም። ብሎግ በነፃ ይጀመራል፣ በነፃም ይቀጥላል። ፎቶ ግን አንዱ ሌንስ ሌላውን ሌንስ ይጠራል። በአማተሮች ዘንድ የታወቀ በሽታ አለ፤ "ፎቶዬ ቀሽም የሆነው ዕቃ ስለጎደለኝ ነው" ብሎ ማመን። እኔም ታምሜበታለሁ። መሳቢያው ምስክር ነው።

ፎቶን ከመረጣችሁ፦ ስልክ ወይስ ካሜራ?

እ.ኤ.አ. በ1888 (ከዚህ በኋላ ያሉትንም ዓመቶች በዚሁ አቆጣጠር ነው የምጠራው) ኮዳክ 100 ፎቶ የሚያነሳ ፊልም ተጭኖበት የሚሸጥ ካሜራ አወጣ። ፊልሙ ሲያልቅ ካሜራው እንዳለ ወደ ፋብሪካው ይላካል። ፎቶው ታጥቦ፣ አዲስ ፊልም ተጭኖበት ይመለሳል። መፈክራቸው "እናንተ ቁልፉን ተጫኑ፣ የቀረውን እኛ እንሠራለን" የሚል ነበር። የዛሬ ስልክም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። አንዴ ስትጫኑ እሱ በተከታታይ ብዙ ፎቶ አንስቶ ያዋህዳል፤ ጥላውን ያፈካል፣ ሰማዩ እንዳይነጣ ይጠብቃል። የቀረውን እሱ ይሠራል።

እንግዲህ ራሳችሁን የምትጠይቁት ይሄ ነው፦ ያንን "የቀረውን" ራሴ መሥራት እፈልጋለሁ? አዎ የሚል ሰው ካሜራ ይገዛል። "አይ፣ ፎቶው ብቻ ይውጣልኝ" የሚል ሰው በስልኩ ይቀጥል። ሁለቱም መልስ አያሳፍርም።

በቁጥር እንየው። ፉል ፍሬም የሚባለው ካሜራ ሴንሰሩ፣ ማለትም ብርሃን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገው ክፍሉ፣ 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው። ደህና የሚባል ስልክ ዋና ካሜራ ላይ ያለው ወደ 10 በ7 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በስፋት 12 እጥፍ ያህል ይበላለጣሉ። ብርሃን የሚቀበለው ይህ ስፋት ነው። ሆኖም በቀን ብርሃን አንስታችሁ በስልክ ስክሪን ላይ ብታስተያዩአቸው ልዩነቱን መለየት ይከብዳል። ልዩነቱ የሚወጣው ሦስት ቦታ ላይ ነው።

አንደኛው ጨለማና እንቅስቃሴ ሲገናኙ ነው። ስልክ ጨለማን ብቻውን ይችለዋል። የማታ ሞዱ ሁለት ሦስት ሰከንድ ታግሶ ብርሃን ይሰበስባል። ሳሎን ውስጥ የሚሮጥ ልጅ ግን ሁለት ሰከንድ አይጠብቅም። የሚሮጥ ልጅ ቀጥ ብሎ እንዲቆምላችሁ 1/500 ሰከንድ ገደማ ፍጥነት ያስፈልጋል፤ ሳሎን ውስጥ ደግሞ ለዚያ የሚበቃ ብርሃን የለም። ስልኩ የሚሰጣችሁ ልጅ መሳይ ጭስ ነው።

ሁለተኛው ርቀት ነው። ስልኩ ላይ ያሉት ሌንሶች ከሚደርሱበት በላይ በሁለት ጣት እየዘረጋችሁ ስታቀርቡ ሌንሱ አይቀርብም፤ ፎቶው ነው የሚቆረጠው። ወፍ ማንሳት የሚወድ ሰው በስልክ ይናደዳል።

ሦስተኛው የኋላ ድብዝዝታ ነው። ስልክ ከሰውየው ኋላ ያለውን የሚያደበዝዘው በስሌት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ያታልላል። ፀጉር ጫፍና መነጽር ጠርዝ ላይ ግን ይያዛል፤ ጆሮ ቆርጦ የሚጥልበትም ጊዜ አለ።

ሜጋፒክስልን እርሱት። 12 ሜጋፒክስል ማለት 4000 በ3000 ነጥብ ነው። በአንድ ኢንች 300 ነጥብ ብታትሙት 34 በ25 ሴንቲ ሜትር ይወጣችኋል። ከኤ4 ወረቀት ይበልጣል። ግድግዳ የሚያህል ፎቶ ካላሰባችሁ በቀር ከዚያ በላይ ለምን?

የእኔ ፍርድ፦ የመጀመሪያው ስድስት ወር በስልክ ይሁን። ካሜራ የሚገዛው ስልኩ ያቃተውን ነገር በስሙ መጥራት ስትችሉ ነው። "የተሻለ ፎቶ እፈልጋለሁ" ስም አይደለም። "ልጄ ቤት ውስጥ ስትጫወት ሁልጊዜ ትፈዝብኛለች" ስም ነው። ስም ያለው ችግር ዕቃውን ራሱ ይመርጥላችኋል።

እስከዚያው ስልኩን በደንብ እወቁት። አንድ ነገር ብቻ ላሳያችሁ። ጠዋት መስኮት ላይ ውሃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጡ። ካሜራውን ከፍታችሁ ዝም ብላችሁ ብታነሱት ክፍሉ ሁሉ ገርጥቶ ይወጣል፤ ስልኩ ሁሉንም እኩል ማሳየት ነው የሚፈልገው። አሁን ስክሪኑ ላይ በጣም ብሩህ የሆነውን የብርጭቆውን ጠርዝ ንኩትና፣ የፀሐይ ምልክቷ ስትመጣ ጣታችሁን ወደ ታች ሳቡ። ክፍሉ ይጨልማል። ብርጭቆው ብቻውን ይቀራል፤ ጠረጴዛው ላይ የጣለው የብርሃን ክር ይወጣል። ምንም አልገዛችሁም። በብዙ ስልኮች ላይ የሚሠራ ነገር ነው፤ አንዳንዱ ላይ ጣት የሚሳበው ወደ ጎን ነው።

ካሜራ የምትገዙበት ቀን ሲደርስ ደግሞ ክርክሩ ዲኤስኤልአር ወይስ ሚረርለስ የሚል ይሆናል። ዲኤስኤልአር ውስጡ መስታወት አለው፤ በቀዳዳው የምታዩት በሌንሱ የገባውን ብርሃን ራሱን ነው። ባትሪው ይበረክታል። ትላልቆቹ አምራቾች ፊታቸውን ወደ ሚረርለስ ስላዞሩ ያገለገለ ዲኤስኤልአር በደህና ዋጋ ይገኛል። ግን ጡብ ያህላል። ሚረርለስ መስታወት የለውም፤ ቀለል ይላል፤ ፎቶው ምን መስሎ እንደሚወጣም ከመጫናችሁ በፊት ያሳያችኋል። ለተማሪ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ብርሃኑን ስትቀንሱ እዚያው ሲጨልም ታያላችሁ፤ መገመት የለም። ገንዘብ ካጠረ ያገለገለ ዲኤስኤልአር፣ ካላጠረ ትንሽዬ ሚረርለስ። ሚዛኑ ያው ማክሰኞ ነው። ትልቁ ቦርሳ ማክሰኞ ቀን ከቤት አይወጣም።

አብሮ ከሚመጣው ሌንስ ሌላ አንድ ብቻ መግዛት ከቻላችሁ፣ የማያቀርብ የማያርቅ፣ ኤፍ 1.8 የሚል ቁጥር ያለው ይሁን። አብሮ የሚመጣው ሌንስ ሙሉ በሙሉ ስታቀርቡበት ብዙ ጊዜ ኤፍ 5.6 ላይ ይደርሳል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን የሚገባው ብርሃን ይበዛል፤ ኤፍ 1.8 ከዚያ 10 እጥፍ ገደማ ብርሃን ያስገባል። ሳሎን ውስጥ የምትሮጠዋ ልጅ መልስ እሱ ነው። ካሜራችሁ ኤፒኤስሲ የሚባለው አነስ ያለ ሴንሰር ካለው 35 ሚሊ ሜትሩን ምረጡ። 50ው እዚያ ላይ እንደ 75 ያህል አቅርቦ ስለሚያሳይ ቤት ውስጥ ጀርባችሁ ግድግዳ ይነካል።

ያገለገለ ስትገዙ ሁለት ነገር እዩ። ሹተሩ፣ ማለትም ፎቶ ሲነሳ ተከፍቶ የሚዘጋው መጋረጃ፣ ስንት ጊዜ እንደሠራ ጠይቁ፤ የብዙ መጀመሪያ ደረጃ ካሜራዎች ሹተር ለ100,000 ያህል ጊዜ የተሠራ ነው። ሌንሱን ደግሞ በእጅ ባትሪ አብሩበት። ውስጡ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ካያችሁ ፈንገስ ነው። ምንም ቢረክስ ተዉት።

ሮው ወይስ ጄፔግ? ጄፔግ ካሜራው ራሱ ጨርሶ የሚሰጣችሁ ፎቶ ነው፤ ሮው ደግሞ ያልተነካው ጥሬ ፋይል። ጄፔግ በእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ነው የሚይዘው፤ 14 ቢት የሆነ ሮው 16,384 ይይዛል። ስለዚህ ሮው የጨለመ ፎቶ ሲያቃኑት ይታዘዛል። ግን እያንዳንዱን ፎቶ ኮምፒውተር ላይ ቁጭ ብሎ መሥራት ይጠይቃል። ማክሰኞ ማታ ማን ይቀመጣል? ጄፔግ። ኤዲት ማድረግ ራሱ ደስ የሚላችሁ ከሆነ ብቻ ሮው።

ፊልም አሪፍ ነው። አንዱ ጥቅል 36 ፎቶ ነው፤ ስለዚህ ሰው ከመጫኑ በፊት ያስባል። ለመማሪያ ግን ቀርፋፋ ነው፤ ስህተታችሁን የምታዩት ምን እንዳደረጋችሁ ከረሳችሁ በኋላ ነው።

ብሎግን ከመረጣችሁ፦ የት ይጻፍ?

እዚህ ላይ ምክሬ ትንሽ ምሬት አለበት፤ ምክንያቱን እነግራችኋለሁ።

ማኅበራዊ ሚዲያ ላይ መጻፍ በጣም ቀላሉ ነው። አንባቢው እዚያው ቁጭ ብሏል። ጽሑፉ ግን የሚኖረው ለአንድ ቀን ነው። እስቲ ባለፈው ዓመት የጻፋችሁትን ፈልጉና አግኙት። ደግሞ ላይክ የሚባል ነገር አለ። ጀንበር ስትጠልቅ ያነሳችሁት ፎቶ መቶ ላይክ ያገኛል፤ ሦስት ማታ የደከማችሁበት ጽሑፍ አራት። ሳታውቁት ጀንበር ብቻ የምታነሱ ሰው ትሆናላችሁ።

ነፃ የብሎግ አገልግሎቶች፣ እንደ ብሎገርና ዎርድፕሬስ ዶት ኮም ያሉት፣ ጸጥ ያሉ ናቸው። ብሎገር ከ1999 ጀምሮ አለ። ጉግል በ2003 ገዝቶት እስካሁን ይሠራል። መልኩ ያረጀ ነው፤ ይህ ግን ጥቅምም አለው፤ የሚነካካ ነገር ስለሌለ ትጽፋላችሁ። ኢንተርኔት ላይ ራሳችሁ በተከራያችሁት ቦታ ዎርድፕሬስ ስትጭኑ ሁሉም ነገር የእናንተ ነው፤ ጣጣውም ጭምር። ማዘመን፣ አይፈለጌ አስተያየት ማጽዳት፣ መልኩን መቀያየር። እኔ አንድ ሰሞን ሦስት ማታ የፊደል ዓይነት ስመርጥ አንድም ዓረፍተ ነገር አልጻፍኩም። መነካካት የሚወድ ሰው ካልሆናችሁ ይቅርባችሁ።

ኒውስሌተር፣ እንደ ሰብስታክ ያለው፣ ጽሑፉን አንባቢው ኢሜይል ድረስ ይወስዳል። በመሀል ማን ምን እንደሚያይ የሚወስን አልጎሪዝም የለም። ሃያ ታማኝ አንባቢ ለሚፈልግ ሰው ጥሩ ነው። ግን የሰው ደጅ ማንኳኳት ስለሆነ ይጨንቃል። "ይሄ የሚላክ ነገር ነው?" እያላችሁ ትዘገያላችሁ። ለጀማሪ አልመክርም።

ምሬቱ ይሄ ነው። የመጀመሪያ ብሎጌ አንድ አነስተኛ አገልግሎት ላይ ነበር። "በአንድ ወር ውስጥ እንዘጋለን፣ ጽሑፎቻችሁን አውርዱ" የሚል ኢሜይል ልከው ነበር። ኢሜይሉን ያየሁት ከተዘጋ በኋላ ነው። አርባ የሚሆኑ ጽሑፎች ውሃ በላቸው። ትላልቆቹም ይዘጋሉ። ጂኦሲቲስ በአንድ ዘመን ሰው ሁሉ የራሱን ገጽ የሚሠራበት ቦታ ነበር፤ ያሁ በ2009 ዘጋው። ብሎግ መከታተያ የነበረው ጉግል ሪደርም በ2013 እንዲሁ ሆነ። ፎቶም ላይ ያው ነው። የፎቶ ማስቀመጫው ድረ ገጽ ፍሊከር ነፃ ተጠቃሚዎቹን 1,000 ፎቶ ላይ ወስኗቸዋል። ጉግል ፎቶስም ገደብ የለሹን ነፃ ቦታ በሰኔ 2021 አቁሞ፣ አሁን ከኢሜይሉና ከድራይቩ ጋር የሚጋሩት 15 ጊጋባይት ነው የሚሰጠው።

ስለዚህ አገልግሎት ስትመርጡ መልኩን ከማየታችሁ በፊት ጽሑፍን በሙሉ ማውረድ ይቻል እንደሆነ ፈትሹ። ጽሑፉን መጀመሪያ በራሳችሁ ኮምፒውተር ወይም ስልክ ላይ ጻፉ፤ ከዚያ ቅዱና ለጥፉ። ዓመት ሙሉ ከቀጠላችሁበት ደግሞ የራሳችሁን ዶሜይን ስም፣ ማለትም የድረ ገጽ አድራሻ፣ ገዝታችሁ ነፃው አገልግሎት ላይ አስሩት። ነገ ቤት ብትቀይሩ አድራሻችሁ አይቀየርም። ፎቶ ላይም ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ፤ በሁለት ዓይነት ዕቃ ላይ፣ አንዱ ከቤት ውጭ የሚቀመጥ።

በየቀኑ ወይስ በየሳምንቱ?

ፎቶ በየቀኑ፣ ብሎግ በየሳምንቱ። አበቃሁ።

እሺ፣ ትንሽ ልጨምር። በቀን አንድ ፎቶ ዓመቱን ሙሉ ማንሳት ብዙዎች የሚሞክሩት ነገር ነው። ጥሩ ነው፤ ፎቶ ሰከንድ ነው ብለናላ። እኔ 61ኛው ቀን ላይ አቋረጥኩ። የጠፋኝ አንድ ቀን ነበር፤ "አንዴ ከተሰበረ ምን ዋጋ አለው" ብዬ ሙሉውን ተውኩት። በሁለተኛው ሙከራ ሕጉን ቀየርኩት፦ አንድ ቀን ቢዘለል ግድ የለም፣ ሁለት ቀን በተከታታይ ግን አይዘለልም። ይሄኛው ሠራ። በየቀኑ ብሎግ መጻፍ ግን ሥራ ነው፤ ደመወዝ የሌለው ሥራ። በሁለት ሳምንት አንዴም ቢሆን ይበቃል። አንባቢ ቀን አይቆጥርም።

ለማን ነው የምታሳዩት?

ቪቪያን ማየር በቺካጎ የሌላ ሰው ልጆች እያሳደገች የኖረች ሞግዚት ነበረች። በትርፍ ጊዜዋ ከ100,000 በላይ ፎቶ አነሳች። ለማንም አላሳየችም ማለት ይቻላል፤ ብዙ ፊልምም ሳታጥበው ቀረች። ሥራዋ የተገኘው በ2007 ዕቃዎቿ በጨረታ ሲሸጡ ነው። እሷ በ2009 ሞተች፤ ዓለም የተደነቀባት ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ታሪክ ሰዎች "ምን ያሳዝናል" ብለው ይነግሩኛል። እኔ እንጃ። ፊልሙን ያላጠበች ሰው ደስታዋ ማንሳቱ ላይ የነበረ ይመስለኛል።

ፎቶ ያለ ተመልካች ይኖራል። ብሎግ ያለ አንባቢ ግን ማስታወሻ ደብተር ነው። ማስታወሻ ደብተር ክፉ ነገር አይደለም፤ ሌላ ነገር ነው እንጂ። ብቻውን መደሰት የሚችል ሰው ፎቶ ይመቸዋል። መልስ የሚፈልግ፣ "አንብቤልሃለሁ" ሲባል ቀኑ የሚበራለት ሰው ደግሞ ይጻፍ። ለመጀመሪያው ጊዜ ሊንኩን ለሦስት ሰው ብቻ ላኩ። ሦስት የሚያነብ ሰው ከሦስት መቶ አውራ ጣት ይሻላል።

ፎቶ የምትለጥፉ ከሆነ አንድ ጥንቃቄ አለ። ስልክ ያነሳችሁበትን ቦታ ፎቶው ውስጥ ሊጽፍ ይችላል። አንዳንድ አፕ ሲለጠፍ ያጠፋዋል፣ አንዳንዱ አያጠፋውም። ከቤታችሁ ያነሳችሁትን ከመለጠፋችሁ በፊት የካሜራውን የቦታ ፈቃድ ዝጉት። የሌላ ሰው ልጅ ፊት ደግሞ ወላጁን ሳይጠይቁ አይለጠፍም። የማታውቁትን ሰው መንገድ ላይ ማንሳት የምታፍሩ ከሆነ አይዟችሁ፤ ጥላ፣ እጅ፣ ከኋላ የሚታይ ጃኬት ያው ሰው ነው።

ለመምረጥ ያቃታችሁ ከሆነ

እኔ አሁን የማደርገውን ልንገራችሁ። በሳምንት አንድ ፎቶ፣ ከሥሩ ሦስት ዓረፍተ ነገር። የፎቶ ብሎግ ይባላል፤ ድሮም ያለ ነገር ነው። ፎቶው ባዶውን ገጽ ያጠፋልኛል፤ ሦስቱ ዓረፍተ ነገሮች ደግሞ ከሁለት መቶው ፎቶ አንዱን እንድመርጥ ያስገድዱኛል። ፎቶውን በረጅም ጎኑ ወደ 2000 ነጥብ ዝቅ አደርገዋለሁ፤ ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ የሆነበት ሰውም ይክፈተው። ሁሉም ነገር ግማሽ ሰዓት አይሞላም። ማክሰኞ ማታ ይሠራል፤ ሞክሬዋለሁ።

ፎቶው የሚያሳየውን መልሼ አልጽፍም። ጫማዎቹ አራት ጥንድ መሆናቸው ይታያል። ፎቶው የማያውቀውን ነው የምጽፈው፦ ከመነሳቱ በፊት የሆነውን፣ የተባለውን፣ ከክፈፉ ውጭ የቀረውን። ያን የፈዘዘ ፎቶ በመጨረሻ ስለጥፈው ከሥሩ የጻፍኩት ይሄን ነበር፦

"ትንሿ ጫማ የእህቴ ልጅ ናት። ግራና ቀኙን የምትቀያይረው እያወቀች ነው፤ 'እንዲህ ሲሆኑ ይኳረፋሉ' ትላለች። ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር።"